ከተማ ሲሰፋ የት እንገናኛለን? ከቻይና ከተሞች እስከ አዲስ አበባና አጅባር

መምህር ሆኜ በሠራሁባት አንዲት የወሎ ደጋ ከተማ ውስጥ ስም የሌለው ሜዳ ነበር። ተማሪዎቼ ከሦስት አቅጣጫ እየመጡ ያንን ሜዳ አቋርጠው ነበር ትምህርት ቤት የሚደርሱት። በገበያ ቀን አህያና በቅሎ ይታሰርበታል። ከዐስር ሶላት በኋላ ልጆች ኳስ ይራገጡበታል። ሰው ሲሞት ቅሬው ድንኳኑን እዚያ ይተክላል። በኢድ ጠዋት ደግሞ ከገጠር የመጣውም የከተማውም ሰው አንድ ላይ ይሰግድበታል፤ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ሶላቱ እስኪያበቃ ዳር ላይ ቆመው ጠብቀው «እንኳን አደረሳችሁ» ይላሉ።

ከዚያ ከተማዋ ሰፋች። ሜዳው ተሸንሽኖ በቆርቆሮ ታጠረ። ቦታውን ያገኙት ሰዎች በሕግ ነው ያገኙት፤ የሸነሸነውም አካል ክፉ ያሰበ አይመስለኝም። መዝገብ ላይ «ባዶ ቦታ» ተብሎ ስለተጻፈ ባዶ መሰለው። ልጆቹ ግን ከዚያ በኋላ በአስፋልቱ ዞረው፣ ከጭነት መኪና ጋር እየተጋፉ መምጣት ጀመሩ። ማርፈድ በዛ። እኔም በር ላይ ቆሜ ያረፈደውን እቀጣ ነበር፤ ለምን እንደሚያረፍዱ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ዓይነት ቦታ ነው። የከተማ ፕላን ባለሙያዎች ስለ ሕዝብ ቦታ ሲነጋገሩ አንዱ ዋና ጥያቄያቸው ቦታው ምን ያህል ያገናኛል የሚል ነው። በአማርኛ «አገናኝ የሕዝብ ቦታ» ልንለው እንችላለን። ማንም ሰው ሳይከፍልና «ወዴት ነህ?» ሳይባል የሚገባበት፣ ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው የሚያሻግር፣ አላፊውም ተቀማጩም እኩል የሚጠቀምበት ቦታ ማለት ነው። መናፈሻ ሁሉ አገናኝ አይደለም። ዙሪያውን ታጥሮ በአንድ በር ብቻ የሚያስገባ መናፈሻ ለዓይን ውብ ሊሆን ይችላል፤ ሰፈርን ከሰፈር ግን አያገናኝም። በአንጻሩ በጎርፍ መውረጃ ላይ የተጋደመች ጠባብ ድልድይ፣ ጀበና የተጣደባት ጥግ፣ ከመስጂድ በር አጠገብ ሽማግሌዎች የሚቀመጡባት ድንጋይ ሰውን ከሰው ያገናኛሉ።

ቻይና ምን አጋጠማት?

ይህን ጥያቄ በዘመናችን ከሁሉም በላይ በግዙፉ የተጋፈጠችው አገር ቻይና ናት። እ.ኤ.አ. በ1978 ከቻይና ሕዝብ በከተማ የሚኖረው 18 በመቶ ገደማ ነበር። በ2011 ግማሹን አለፈ፤ በ2020ው ቆጠራ ደግሞ 64 በመቶ ገደማ ደረሰ። በ1980 ልዩ የኢኮኖሚ ቀጠና ስትባል የዓሣ አጥማጆችና የገበሬዎች አካባቢ የነበረችው ሼንዘን በዚሁ ቆጠራ ከ17 ሚሊዮን በላይ ነዋሪ ነበራት። በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ይህን ያህል ሕዝብ ከገጠር ወደ ከተማ የገባበት ዘመን በታሪክ አልታየም።

ቤቱ ተሠራ፣ መንገዱም ተሠራ። ችግሩ በቤቱና በመንገዱ መካከል ያለው ቦታ ላይ ነው። ከ1950ዎቹ ጀምሮ የቻይና መንግሥት ፋብሪካዎችና መሥሪያ ቤቶች ለሠራተኞቻቸው መኖሪያ፣ መመገቢያ፣ ክሊኒክና የሕፃናት ማቆያ በአንድ አጥር ውስጥ ይሠሩ ነበር። ግቢውም መሥሪያ ቤቱም «ዳንዌይ» ይባላል። በግቢው ውስጥ ሰው ሁሉ ይተዋወቃል፤ ከግቢው ውጭ ያለው ጎዳና ግን በሁለት ግንብ መካከል የሚያልፍ መተላለፊያ ብቻ ነው። በ1998 መንግሥት ለሠራተኛ ቤት ማደሉን ሲያቆም አልሚ ኩባንያዎች ቦታውን ተረከቡ፤ አጥሩ ግን አልቀረም። እንዲያውም ሰፋ። እያንዳንዱ ጎኑ በመቶዎች ሜትር የሚለካ ብሎክ፣ በውስጡ ረጃጅም አፓርትማዎች፣ በዙሪያው አጥር፣ በሩ ላይ ጥበቃ፣ በብሎኮቹ መካከል ደግሞ መኪና የሚጎርፍበት ሰፊ አስፋልት። ግንብ ለግንብ የሚዋሰኑ ሁለት ቤተሰቦች ለመጠያየቅ ረጅም መንገድ ይዞራሉ። ዳቦ ለመግዛት ስምንት መስመር አስፋልት መሻገር የግድ ይሆናል።

የቻይና መንግሥት ራሱ ስሕተቱን አይቶታል። በፌብሩዋሪ 2016 የኮሚኒስት ፓርቲው ማዕከላዊ ኮሚቴና የአገሪቱ ካቢኔ በጋራ ባወጡት መመሪያ አዲስ የታጠረ መኖሪያ ሰፈር እንዳይገነባ፣ የነበሩትም ቀስ በቀስ እንዲከፈቱ አዘዙ። ከጥቂት ሰፋፊ መንገዶች ይልቅ ጠባብና ብዙ መንገድ እንዲኖር፣ በ2020 በከተሞች ውስጥ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር በአማካይ 8 ኪሎ ሜትር መንገድ እንዲደርስ ግብ ተቀመጠ። ሐሳቡ ትክክል ነበር። ነዋሪው ግን ወዲያው ተቃወመ፤ በግቢው ውስጥ ያለው መንገድና አረንጓዴ ቦታ በቤቱ ዋጋ ውስጥ የከፈልኩበት ነው፣ ልጄ በሰላም የሚጫወተው አጥር ስላለ ነው አለ። ንብረት ነውና ክርክሩ ወደ ሕግ አመራ፤ የብዙዎቹ ሰፈሮች አጥርም እስከ ዛሬ እንደቆመ ነው። እንግዲህ ያን ያህል ሥልጣን ያለው መንግሥት ከቆመ በኋላ ማፍረስ የከበደውን አጥር ሌላ አገር ከቆመ በኋላ አፈርሳለሁ ብሎ ባይመካ ይሻላል።

የተሳካላቸው ሥራዎችም አሉ። ከእነርሱ ውስጥ ሁለቱን ልጥቀስ።

የመጀመሪያው ሻንጋይ ነው። የኋንግፑ ወንዝ ሁለት ዳርቻዎች ለብዙ ዘመን በወደብ፣ በመጋዘንና በፋብሪካ ተይዘው ነበር፤ የከተማው ሰው ወንዙን የሚያየው በጥቂት ቦታዎች ብቻ ነበር። ፋብሪካዎቹ ሲዘጉ ከተማው ዳርቻውን ለሕዝብ መንገድ አደረገው፤ በ2017 መጨረሻ 45 ኪሎ ሜትር የሚሆን የወንዝ ዳር ያለ መቋረጥ ለእግረኛ ተከፈተ። የሥራው ልብ አበባ መትከል አልነበረም። መንገዱ የሚቋረጥባቸውን ቦታዎች፣ ማለትም የጀልባ መሻገሪያውን፣ ገባር ወንዙን፣ የመሥሪያ ቤቱን ግቢ አንድ በአንድ ለይቶ በድልድይና በስምምነት መክፈት ነበር። በምሥራቁ ዳርቻ በየአንድ ኪሎ ሜትሩ ገደማ ትንሽ ማረፊያ ቤት ተሠራ፤ መጸዳጃ፣ የሚጠጣ ውኃና መቀመጫ አለው። የእኛ አገር ሰው «ውዱእ ማድረጊያም ቢኖረው» ይል ይሆናል፤ ቢሆንም መጸዳጃና ውኃ በሌለበት ሽማግሌ፣ ነፍሰ ጡርና ልጅ የያዘች እናት ብዙ እንደማይቆዩ አስበውበታል።

ሁለተኛው ቼንግዱ ውስጥ ነው። የ2025ን የፕሪትዝከር ሽልማት ያገኘው አርክቴክት ሊው ጅያኩን በ2015 ያስረከበው «ዌስት ቪሌጅ» የተባለ ሥራ አንድ ሙሉ ብሎክ ይይዛል። ግን መሐሉ ላይ ሕንፃ አልደረደረም፤ ሕንፃውን ዝቅ አድርጎ ወደ ጠርዙ ገፋው፣ መሐሉን ለኳስ ሜዳና ለዛፍ ለቀቀው፣ በዙሪያው ደግሞ በእግርና በብስክሌት እስከ ላይ የሚያስወጣ ተዳፋት መንገድ ዘረጋ። ሱቅ ያለው፣ የሚሮጠው፣ ሻይ የሚጠጣው እርስ በርሳቸው ይተያያሉ። መተያየት ትንሽ ነገር ይመስላል። ጎረቤት ጎረቤቱን ማወቅ የሚጀምረው ግን ደጋግሞ ከማየት ነው።

ሕዝቡም በበኩሉ ከፕላነሮቹ ቀድሟል። በቻይና ከተሞች ሲመሽ በዕድሜ የገፉ ሴቶች በማንኛውም ክፍት አስፋልት ላይ ተሰልፈው በሙዚቃ ይንቀሳቀሳሉ፤ ቦታውን ማንም አልሰጣቸውም። በላያቸው ያሉት አፓርትማ ነዋሪዎች በድምፁ ተማርረው ብዙ ጠብ ተነሥቷል፤ በጁን 2022 ሥራ ላይ የዋለው የድምፅ ብክለት ሕግ ይህንን ጭምር የሚመለከት ድንጋጌ ይዟል። አገናኝ ቦታ ጠብ የሌለበት ቦታ አይደለም። ጠቡ ፊት ለፊት ተነጋግሮ የሚፈታበት ቦታ ነው።

አንባቢዎቻችን ሺያንን ሳልጠቅስ ባልፍ ቅር ይላቸዋል። በዚያች ጥንታዊ ከተማ ከከበሮው ግንብ ጀርባ የሁይ ሙስሊሞች ሰፈር አለ። ታላቁ መስጂድ የአሁኑን መልኩን በአብዛኛው ያገኘው በሚንግ ዘመን፣ በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው፤ አሠራሩ በተከታታይ አደባባዮች የተሰካካ የቻይና ግቢ ነው። ሰፈሩ ዛሬ የቱሪስት መንጋ ይርመሰመስበታል፣ ያም የራሱ ጣጣ አለው። ነገር ግን ጠባብ መንገዶቹ፣ በመንገዱ ዳር ያሉት ምግብ ቤቶችና የመስጂዶቹ በሮች የተያያዙበት መንገድ ከአጠገቡ ካሉት ታላላቅ ብሎኮች ፈጽሞ የተለየ ነው። እዚያ ሰው በእግሩ ይኖራል።

አዲስ አበባ፦ ሐዲዱ፣ አደባባዩና ኮሪደሩ

የቻይና ልምድ ለእኛ ሩቅ ወሬ አይደለም፤ በቀጥታ ከተማችን ውስጥ ገብቷል። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በቻይና ኩባንያ ተገንብቶ በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ሁለቱ መስመሮች በድምሩ 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ናቸው፤ ወጪው 475 ሚሊዮን ዶላር፣ አብዛኛው ከቻይና ኤግዚም ባንክ የተገኘ ብድር ነበር። ከቃሊቲ ወደ መሐል ከተማ ለሚመጣ ሠራተኛ ባቡሩ ትልቅ እፎይታ ሆነ፤ ይህን መካድ አይቻልም። ግን ሌላም ነገር አደረገ። ሐዲዱ ከፍ ባለ ድልድይ ላይ በሚሄድበት ክፍል ሰው ከሥሩ ያልፋል፤ መሬት ላይ በሚሄድበት ክፍል ግን ከዳር እስከ ዳር አጥር ሆነ። መሻገሪያው በጣቢያዎቹና በተወሰኑ ቦታዎች ላይ ብቻ ቀረ። ድሮ መንገዱን ተሻግራ በርበሬ የምታስፈጭ እናት ወፍጮ ቤቱን እያየችው ዞራ ትሄዳለች። ከጎዳናው ወዲህና ወዲያ አንድ የነበረ ሰፈር ሁለት ሆነ። ሩቅን ከሩቅ የሚያገናኝ መሠረተ ልማት ቅርብን ከቅርብ ሊለያይ ይችላል፤ ቻይናዎቹ በራሳቸው ከተሞች የፈጸሙት ስሕተት ይኸው ነበር።

ቀጥሎ የመጣው የመናፈሻ ዘመን ነው። በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው «ሸገርን ማስዋብ» በከተማዋ ወንዞች ዳር 56 ኪሎ ሜትር ለማልማት የታሰበ ነበር። የእሱ አካል ሆኖ በቻይና ድጋፍ የተሠራው ወዳጅነት ፓርክ በጳጉሜን 2012 ተመረቀ። ውብ ሥራ ነው፤ ልጆቼን ይዤ ሄጃለሁ። ግን በበሩ ከፍለን ገብተን በዚያው በር ነው የወጣነው። ሻንጋይ ላይ ወንዙ መንገድ ሆኖ ሰፈሮችን ሰፋ፤ እዚህ የወንዙ ዳር እስካሁን የሚጎበኝ ቦታ ነው። ወደፊት ቁርጥራጮቹ ተያይዘው አንድ ሰው ከላይ እስከ ታች በነጻ በእግሩ መሄድ ከቻለ ታሪኩ ይለወጣል።

መስቀል አደባባይ የተለየ ጉዳይ ነው። በቻይና ተቋራጭ ታድሶ፣ ከሥሩ የመኪና ማቆሚያ ተሠርቶለት በሰኔ 2013 ተመረቀ። ከመመረቁ ጥቂት ሳምንታት በፊት፣ በዚያው ዓመት ረመዳን፣ በአደባባዩ ሊደረግ የታሰበው የጎዳና ኢፍጣር መጀመሪያ ተከልክሎ፣ ብዙ ውዝግብ ካስነሣ በኋላ መካሄዱን አንባቢ ያስታውሳል። ያን ጊዜ የተነሣው ጥያቄ አደባባዩ የማን ነው የሚል ነበር። ስለ ስሙና ስለ ታሪኩ የሚነሣውን ለሌላ ጊዜ ልተወው። እኔን የሚገርመኝ ምሽቱ ነው፤ ሰው በጎዳናው ላይ በረጅሙ ተደርድሮ ተቀምጦ፣ የማያውቀውን ሰው ቴምር ሲያቀብል። አስፋልቱ ያው አስፋልት ነው። የተለየው ሰው መቀመጡ ነው። ለማለፍ ብቻ የተሠራ ቦታ ሰው ሲቀመጥበት ሌላ ቦታ ይሆናል።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የኮሪደር ልማት አለ። ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ፣ ከመገናኛ እስከ ቦሌ ጎዳናዎቹ ፈርሰው ተሠሩ። ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ የብስክሌት መስመር፣ መብራት፣ መቀመጫና የሕዝብ መጸዳጃ መጣ። በጭቃና በተከፈተ ቱቦ መካከል እየዘለለ ያደገ የአዲስ አበባ እግረኛ ይህን ማመስገኑ ተገቢ ነው፤ በተለይ ማታ ቤተሰብ ይዞ መንሸራሸር ቀድሞ ያልነበረ ነገር ነው። ዋጋው ግን ከባድ ነበር። የፒያሳና የዶሮ ማነቂያ ነዋሪዎች በሳምንታት ውስጥ ተነሥተው ወደ ከተማው ዳር ሄዱ፤ አብሮ እድርተኛ የነበረ፣ በአንድ መስጂድ የሚሰግድ፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለም ሰው በተለያየ ሳይት ተበተነ። በአዲሱ መንገድ ላይ ሊስትሮው፣ ጉልቷ፣ በጀበና ቡና የምታፈላዋ እህት ቦታ የላቸውም። እነዚህ ሰዎች የጎዳናው ቆሻሻ አልነበሩም። የጎዳናው ዓይን ነበሩ፤ የጠፋ ልጅ የሚያቆዩት፣ አድራሻ የሚያሳዩት፣ «እንትና ታሟል» የሚለውን ወሬ የሚያደርሱት እነርሱ ናቸው። መቀመጫው አለ፤ አጠገቡ ቡና የለም። ሁለቱን ማስታረቅ አይቻልም ብዬ አላምንም። በየመቶ ሜትሩ ለአነስተኛ ነጋዴ የተከለለች አራት ካሬ ሜትር ቦታ የመንገዱን ውበት አታበላሽም።

የመንገድ ሐቅ

በነገራችን ላይ ይህ ሁሉ ለፊቅህ መጻሕፍት አዲስ አይደለም። ዑለማእ ወደ ሌላ የሚያሻግርን መንገድ (ናፊዝ) እና መውጫ የሌለውን መንገድ ለይተው ተናግረዋል። የሚያሻግረው መንገድ የሁሉም ሰው ነው፤ አላፊውን የሚጎዳ ነገር ማንም ሊያወጣበት ወይም ሊያጥረው አይችልም። መውጫ የሌለው ግን በራቸው ወደ እርሱ የሚከፈት ጎረቤቶች የጋራ ንብረት ነው፤ ለውጥ የሚደረግበት በስምምነታቸው ነው። ሰዎች በመንገድ ስፋት ሲከራከሩ ሰባት ክንድ እንዲሆን በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበው ሐዲስ የታወቀ ነው፤ ከሦስት ሜትር ከፍ ይላል፣ የተጫነ እንስሳ ያሳልፋል። መንገድ ዳር መቀመጥን በተመለከተም ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መጀመሪያ አስጠነቀቁ፤ ሶሐቦች መቀመጫችን እርሱ ነው ሲሉ ግን ጨርሰው አልከለከሏቸውም፣ የመንገዱን ሐቅ እንዲሰጡ አዘዟቸው፤ ዓይንን ዝቅ ማድረግ፣ ሰውን አለማስቸገር፣ ሰላምታ መመለስ፣ በመልካም ማዘዝና ከመጥፎ መከልከል። መቀመጡ መብት ሆነ፣ ከመብቱ ጋር ግዴታ ተያያዘ። ለጎዳና ደንብ ከዚህ የተሻለ መነሻ አላውቅም።

የኢድ ሶላትም በመዲና የሚሰገደው በመስጂዱ ውስጥ ሳይሆን ወደ ሜዳ ተወጥቶ ነበር። ኡሙ ዐጢያ ባስተላለፉት ዘገባ ሴቶች፣ በወር አበባ ላይ ያሉት ሳይቀሩ፣ ወደዚያ ሜዳ እንዲወጡና ከሶላቱ ራቅ ብለውም ቢሆን ዱዓውንና መሰባሰቡን እንዲካፈሉ ታዘዋል። አንድ ቦታ በእርግጥ የሕዝብ መሆኑን ለማወቅ የምጠቀመው መለኪያ ይህ ነው፤ ሴቶች አሉ? ተቀምጠዋል ወይስ በጥድፊያ ያልፋሉ?

በአገራችን ይህ አስተሳሰብ በድንጋይ የተጻፈባት ከተማ ሐረር ናት። በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው ጀጎል 48 ሄክታር ብቻ ነው፤ በውስጡ 82 መስጂዶች አሉ። አምስቱ ጥንታዊ በሮች ከውጭ የሚመጣውን ገበሬና ነጋዴ ወደ መሐል ፈረስ መጋላ ያደርሳሉ፤ ከዋናዎቹ መንገዶች የሚገነጠሉት ጠባብ መተላለፊያዎች ደግሞ እንግዳውን ቀስ በቀስ ወደ ጎረቤት ክልል ያስገባሉ። ሰፈሩ በመስጂዱ ዙሪያ፣ ኀዘንና ደስታው በአፎሻው የተደራጀ ነው። አጥር ያለባት ከተማ ናት፤ ግን አጥሩ በሁሉም ዙሪያ እንጂ በሁሉም መካከል አይደለም።

ወደ ደጋው ስንመለስ

ታላላቆቹ ከተሞች እንዲህ ከሆኑ፣ ገና በማደግ ላይ ላሉት የምዕራብ ደቡብ ወሎ ከተሞች ምን ይቀራል? ብዙ ይቀራል፤ ምክንያቱም እነርሱ ገና አልታጠሩም። የተንታ ወረዳ መቀመጫዋ አጅባር፣ አቀስታ፣ ቱሉ አውሊያ፣ መካነ ሰላም እያደጉ ናቸው። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ግቢዎቹ በሺዎች የሚቆጠር ወጣት አምጥቷል፤ ወጣቱ የሚከራየው ቤት፣ የሚበላበት ምግብ ቤት፣ የሚሰግድበት መስጂድ ይፈልጋል። ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የተጀመረው የኮሪደር ልማትም ነገ ወደ ወረዳ ከተሞች መዝለቁ አይቀርም። ያን ጊዜ ጥያቄው አስፋልቱ ስንት ሜትር ይሁን የሚል ብቻ ከሆነ ተሳስተናል።

ወሎ የጋራ ቦታን የሚያውቅ አገር ነው። ንጉሥ ሚካኤል፣ ከደሴ በፊት መቀመጫቸው ተንታ የነበረው፣ ደሴ ላይ ያሠሩት ታላቅ የግብር አዳራሽ «አይጠየፍ» ይባላል። ስሙ ራሱ ምን ዓይነት ቦታ እንዲሆን እንደታሰበ ይናገራል፤ ሰውን የማይጠየፍ። የወሎ ቅሬም እንዲሁ ነው፤ በብዙ ቦታ ሙስሊሙንና ክርስቲያኑን በአንድ ዝርዝር ይዞ አንዱ ለሌላው ጉድጓድ ይቆፍራል። ነገር ግን ቅሬው የሚሰበሰብበት ሜዳ ከተሸነሸነ ቅሬው በአዳራሽ ኪራይ ሊተካ አይችልም።

ሥራው ውድ አይደለም። ከመሸንሸኑ በፊት ሰው በእግሩ የሠራቸውን መንገዶች መመዝገብ ያስፈልጋል፤ ከገበያ ወደ ምንጭ፣ ከትምህርት ቤት ወደ ሰፈር፣ ከመስጂድ ወደ መቃብር የሚወስዱት ጥርጊያዎች የብዙ ዓመት ጥናት ናቸው፣ ያጠናው ሕዝቡ ራሱ ነው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 ከተሞች መዋቅራዊ ፕላንና የአካባቢ ልማት ፕላን እንዲኖራቸው፣ ረቂቁም ከመጽደቁ በፊት ለሕዝብ አስተያየት እንዲቀርብ ይደነግጋል። በአገራችን ፕላን የሚሠራበት የታወቀ መርሕም አለ፤ ከከተማው መሬት 30 በመቶ ለመንገድና ለመሠረተ ልማት፣ 30 በመቶ ለአረንጓዴና ለክፍት ቦታ፣ 40 በመቶ ለግንባታ። ሠላሳው በመቶ ግን ማንም በማይደርስበት ገደል ላይ ከተመደበ ቁጥሩ ሞላ እንጂ ሰው አልተገናኘም። ሕዝቡ ስብሰባ ሲጠራ ሽማግሌዎቹ፣ የመስጂድ ኮሚቴውና የቅሬው ዳኛ «የኢድ ሜዳው በካርታው ላይ በስሙ ተጽፏል ወይ?» ብለው ቢጠይቁ ትልቅ ነገር ነው። ስም ያለው ቦታ በቀላሉ ባዶ አይባልም።

ለራሳችንም አንድ ነገር ልበል። መስጂዶቻችን ሲታደሱ መጀመሪያ የሚሠራው አጥሩ እየሆነ ነው፤ ያውም በብረት በር፣ ከሶላት ሰዓት ውጭ በቁልፍ። የመስገጃውን ክብር መጠበቅ ግዴታ ነው፣ መስጂድን ያለ ምክንያት መተላለፊያ ማድረግም የተወደደ አይደለም። ግን የውዱእ ቧንቧው አንድ ጎን ወደ ጎዳናው ቢዞር፣ አጥሩ ከመንገድ ሁለት ሜትር ገባ ብሎ በመካከሉ ጥላ ዛፍና የድንጋይ መደብ ቢኖር መስጂዱ ምን ይጎድልበታል? መንገደኛ ውኃ ይጠጣበታል፤ የሰጋጁ እናት ሻንጣዋን አስቀምጣ ትጠብቅበታለች። አንድ ባለሀብት በወቅፍ የሚሰጠው ቦታ የግድ ሱቅ መሆን የለበትም። ለመተላለፊያ የተተወች ሦስት ሜት­ር መሬትም ወቅፍ ትሆናለች።

ያ የነገርኳችሁ ሜዳ ዛሬ ሙሉ በሙሉ ቤት ነው። ባለፈው በዚያ ሳልፍ በሁለት አጥሮች መካከል አንዲት መተላለፊያ አየሁ፤ ሁለቱ ጎረቤታሞች ተስማምተው ከየራሳቸው ይዞታ ትንሽ ትንሽ ቀንሰው የተዉአት ናት። አንድ ሜትር ተኩል ብትሆን ነው። ደብተር የያዙ ልጆች በተርታ እያለፉባት ነበር። የገበያ ቀን ስለነበር አንድ ገበሬም አህያውን እየነዳ መጣ፤ ጭነቱ አላሳልፍ ስላለው ቆሞ አየት አደረገና ወደ አስፋልቱ ዞረ።